ጨጓራዬ ደህና ነው፦ ለማህፀን ቱቦ ቦሌ የሄድኩበት ሳምንት

ጨጓራዬ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ወሬዬን ከዚህ የምጀምረው፣ ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈርም ልሁን ሴቻ፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይ?» እያለ ስላሰለቸኝ ነው። አንዷ ጎረቤቴማ የድንች ጭማቂ በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። አመስግኜ ተቀበልኳትና በረንዳ ላይ ያለውን አበባ አጠጣሁበት።

የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። እዚሁ በተነሳሁት ራጅ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎችሽ ሳይዘጉ አይቀሩም ተባልኩና፣ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ሆድ ውስጥ እያዩ ወደሚያክሙበት አንድ የቦሌ ክሊኒክ ተላክሁ። ባለቤቴ ታምራት ተመርምሮ ደህና ነህ ከተባለ ቆይቷል። የጨጓራውን ወሬ የፈጠረው ግን እሱ ነው። አያት ለሚኖሩት አክስቱ ደውሎ «ምህረት ለጨጓራ ሕክምና መጥታ እርስዎ ጋ ታርፋለች» አላቸው፤ ለጎረቤትና ለትምህርት ቤቴም ያንኑ አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ ስጠይቀው «ታዲያ በስልክ ስለ ቱቦ ላውራቸው?» አለኝ።

ነገሩን ያከበደው እናቱ ናቸው። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን በተጋባን ዓመት፣ ዲግሪዬን እስክጨርስ ብዬ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ መወጋቴን ከሰሙ ወዲህ «መርፌው ነው ማህፀኗን ያደረቀው» ማለት ሥራቸው ሆኗል። ለጎረቤት ብለውታል፣ ለእህቶቻቸው ብለውታል፣ እኔ ወጥ እየጨለፍኩላቸው እንኳ ብለውታል። እውነት ይሆን እንዴ እያልኩ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ቦሌ ስሄድ ቱቦው ይከፈት ይሆን ከሚለው እኩል ያስጨነቀኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ይሆን የሚለው ነበር።

ሰኞ፦ መንገድ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሶዶ ሳንደርስ ስሜን፣ ሥራዬን፣ የአባቴን አገርና የምሄድበትን ሰፈር ጠይቀው ጨርሰዋል። ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩት።

«ልጆች ስንት አደረስሽ?»

«ጨጓራ አለብኝ» አልኳቸው።

ታምራትን ስረግመው ያደርኩበት ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ሴትዮዋ ልጆቹን ረስተው እስከ ሆሳዕና ድረስ ስለ አብሽ፣ ስለ ተልባና ስለ አንድ የዱራሜ ፓስተር አስተማሩኝ። ቡታጅራ ላይ ለምሳ ስንወርድ ክትፎ እንዳላዝዝ ከለከሉኝ። ሁሉም ሰው ክትፎ ሲበላ እኔ እርጎ ጠጣሁ። ያን ክትፎ እስካሁን ለታምራት ይቅር አላልኩትም።

አዲስ አበባ ስንገባ ዝናብና ብርድ ተቀበሉን። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ሰው በረንዳ ላይ ማንጎ ይልጣል። በስልክ የጠራሁት መኪና ሾፌር «የት ነሽ?» ይለኛል፤ «መናኸሪያው በር ላይ» እለዋለሁ፤ «በሩ የትኛው ነው?» ይለኛል። ከተማው በሩን ሁሉ በቆርቆሮ አጥሮ እየቆፈረ ስለነበር በሩ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ስንገናኝ ደግሞ አያት ደርሰን የኮንዶሚኒየሙን ብሎክ ስንፈልግ ያንኑ ያህል ቆየን። አርባ ምንጭ ላይ ባጃጅ ይዘህ የሰው ስም ብቻ ትጠራለህ፤ በሩ ላይ ያወርድሃል። እዚህ ቁጥር አለ፣ ካርታ አለ፣ ሳተላይት አለ፤ ቤቱ የለም። ካርታ የማስተምር ሰው ነኝና ተናደድኩ።

የታምራት አክስት እትዬ ደስታ፣ የአማቴ ታናሽ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። በጃንጥላ ታች ድረስ ወርደው ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁኝና ተሸክመው ወጡ። ስድሳ ያለፋቸው ሴት ከፊቴ ሲወጡ እኔ ሦስተኛው ላይ ቆሜ አለከልክ ነበር። ሙቅ ውሃ አዘጋጅተውልኛል። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ ለእግሬ ያፈሰሱት ለራሳቸው ያጠራቀሙት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ፍራሽ ላይ አደሩ። እራቱ ያለ በርበሬ፣ ያለ ቲማቲም፣ ያለ ሽንኩርት ነበር።

ማክሰኞ፦ ክሊኒኩ

ከአያት እስከ መገናኛ በባቡሩ ሄድኩ። ሄድኩ ከምል ተወሰድኩ ብል ይሻላል፤ እግሬ ወለል አልነካም። ከመገናኛ በሚኒባስ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም። ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ ምድር ቤቱ የሕፃናት ልብስ መሸጫ ነው። ይህን ቦታ የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ሁለት ነገር እለው ነበር። ጥበቃው ቦርሳዬን ሲፈትሽ የራጁን ፖስታ አወጣና ወደ መብራት አንስቶ አየው። «ምንህ ነው?» አልኩት። «ሳንባ መስሎኝ ነው» አለ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር እዚያም በደረጃ ወጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኳ ላይ ሆና «እህት፣ ጀስት ትንሽ ጠብቂ» አለችኝ። ያ ትንሽ እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ። ከጎኔ የተደረደሩት ሴቶች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ማንም ማንንም ስንት ልጅ አለሽ አይልም። እፎይ ያልኩት በዚያ ብቻ ነው።

ዶክተሯ ከኔ ታናሽ ሳትሆን አትቀርም። ራጁን አይታ፣ ሆዴን ዳስሳ፣ ከታች በስተቀኝ ያለውን አሮጌ ጠባሳ በጣቷ ነካችና «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«ትርፍ አንጀት። አሥረኛ ክፍል እያለሁ።»

«ፈንድቶ ነበር?»

«መግል ሞልቶ ነበር አሉ። ሆስፒታል ብዙ ቆየሁ።»

ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ያላስረዳኝን በጥቂት ደቂቃ አስረዳችኝ። እንቁላሉና የወንዱ ዘር የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው፤ ቱቦው ከተዘጋ መገናኛ የለም። የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሳይታከም በቆየ ኢንፌክሽን ነው፤ አንዳንዴም የማህፀን ቲቢ ይሆናል፤ አንዳንዴ በማህፀን ውስጥ ማደግ የነበረበት ሽፋን ውጭ በቅሎ ያጣብቀዋል። የፈነዳ ትርፍ አንጀትም ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ሊያያይዘው ይችላል። በርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ካሜራው ገብቶ ሲታይ ነው።

መርፌውን ልጠይቃት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፈራሁ። አዎ ብትለኝስ? ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ሆነ። ከእራት በኋላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን እንዳልቀምስ ሲስተሯ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

ረቡዕ፦ ጉርሻ

ማታውን ለእትዬ ደስታ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። «እትዬ፣ ነገ ምንም ሳልቀምስ ነው የምወጣው። ምርመራው እንደዛ ነው።» «እሺ የኔ ልጅ» አሉኝ።

በነጋታው የቀሰቀሰኝ የቅቤ ሽታ ነው። አልጫ ፍርፍር ሠርተዋል፤ አብሹም ተመቶ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል።

«እትዬ! ነግሬዎት አልነበር?»

«ጨጓራ ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን ቦሌ ድረስ ይሄዳል? ሳትደርሺ ተቃጥለሽ ታልቂያለሽ!»

«ሐኪም ነው ያዘዘኝ።»

«ሐኪም የሌላ ሰው ሆድ ምን ቸገረው? እሺ በቃ፣ አልነካሽም። ልጸልይልሽና ሂጂ።»

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ጸለዩ። ስለ መንገዱ ጸለዩ፣ ስለ ሚኒባሱ ሾፌር ጸለዩ፣ ስለ ሐኪሟ እጅ ጸለዩ፤ ጨጓራዬን በስሙ እየጠሩ ገሰጹት። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ጸሎቱ አለቀና «አሜን!» ስል አፌ ተከፈተ። ጉርሻው ገባ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አልጋቸውን የለቀቁልኝ፣ የሚታጠቡበትን ውሃ እግሬ ላይ ያፈሰሱ ሴት በእጃቸው ያጎረሱኝን ልትፋ? ዋጥኩት። አንዱን የዋጠ ሁለተኛውን እምቢ ማለት እንደማይችል ደግሞ አገር ያውቃል። እሱንም ዋጥኩት። መቼም ቦሌ እስክደርስ ይወርዳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ክሊኒክ ገብቼ የኦፕራሲዮን ልብስ ከለበስኩ በኋላ ሲስተሯ መጣች። «የመጨረሻ ምግብ መቼ ቀመስሽ?»

ልዋሽ አሰብኩ። በጣም ቸኩያለሁ፤ ሩቅ መጥቻለሁ። ሴትዮዋ ግን ዓይኔን እያየች ነው። «ማደንዘዣ ስትወስጂ ሆድሽ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባሽ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ» አለች።

«ዛሬ ጠዋት። ሁለት ጉርሻ።»

ሲስተሯ ወረቀቷን አልጋው ላይ ጣለችው። «ዘመድ ቤት ነው ያረፍሽው አይደል? እኛ ጋ እኮ ቀጠሮ የሚሰርዝብን መብራት አይደለም፤ ጉርሻ ነው!»

ዶክተሯም መጣች። አልተቆጣችም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። ይህን ሕክምና የሚሠሩት የወር አበባ ካለፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ያላት ክፍት ቦታ ዓርብ ብቻ ነው፤ ዓርብ ካለፈ ለሚቀጥለው ወር ከአርባ ምንጭ እንደገና መምጣት ነው። ትምህርት ቤት ስንተኛ ፈቃድ ሊሰጠኝ? ልብሴን ለውጬ ወጣሁ። የሕፃናት ልብሱ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሻጯ ወጥታ ወንበር ሰጠችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ቆመች። እግዜር ይስጣት፤ ስለ ቦታው ያልኩትን ለሷ ስል ትቼዋለሁ።

አራተኛ ፎቅ እስክደርስ ንዴቴ ደረጃ በደረጃ ጨመረ። እትዬ ደስታ በሩን ሲከፍቱ ገና ደፉ ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው። «እትዬ፣ ጨጓራዬ ደህና ነው! የተዘጋው የማህፀኔ ቱቦ ነው! ዛሬ ሊከፈት ነበር!» ጎረቤት ብቅ አለ። እትዬ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ወንበር ላይ ተቀመጡና የሁለቱን እጃቸውን መዳፍ አዩ።

«ለምን ዋሻችሁኝ?» አሉ። «ብታወጪው ኖሮ ይህች እጅ ትቆረጥ ነበር እንጂ ታጎርስሽ ነበር?»

አሁን ደግሞ እሳቸውን ማባበል የኔ ተራ ሆነ።

ሐሙስ፦ ጥበቃ

ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩ። «ለጨጓራ ሳምንት ሙሉ?» አለኝ። ታምራት ደወለ። «እንዴት ነገርሻቸው?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ መልሼ ዘጋሁበት።

ውሃ የመጣው የዚያን ቀን ነው። እትዬና እኔ ያለ የሌለ ዕቃ ሁሉ እየሞላን ሳለን፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «እህቴ በመርፌው ነው ትላለች» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለኔም ነግራኛለች። እኔም አምኛታለሁ።» ጀሪካኑን ከደኑት። «ሐኪሟን ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ፈርተሽ ነው» አሉ። ማታ እራት ከበላን በኋላ ማዕድ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ለእንግዳ የማዕድ ቤት ቁልፍ የሰጠ ሰው አላውቅም።

ዓርብ፦ ካሜራው

«አንቺ ካልቀመስሽ እኔም አልቀምስም» ብለው አብረውኝ ሊወጡ ተነሱ። ጠዋት ጸለዩልኝ። አፌን ሳልከፍት በአፍንጫዬ አሜን አልኩ። እሳቸውም እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ነበር።

ስነቃ ያመመኝ ሆዴ ሳይሆን ቀኝ ትከሻዬ ነው። «ትከሻዬን ነው እንዴ የቀደዳችሁኝ?» ብዬ ሲስተሯ ላይ ጮህኩ። ሆድ ለመንፋት የሚያስገቡት አየር ነው፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠፋል አለችኝ። ይህንን አስቀድሞ መንገር ምን ነበረበት? እትዬ ደስታ እግሬ ሥር ቆመዋል። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል።

ዶክተሯ ካሜራው ያነሳውን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች። ትርፍ አንጀቱ ከነበረበት ጀምሮ ነጭ ድር የመሰለ ነገር አንጀቱን፣ ማህፀኑንና ቱቦዎቹን አንድ ላይ አስሯቸዋል። የግራው ቱቦ ውሃ ቋጥሮ አብጦ ስለነበር መትረፍ አልቻለም፤ ቢተው ውሃው ወደ ማህፀን እየፈሰሰ ጽንስ ያበላሻል፣ ስለዚህ ወጥቷል። የቀኙን ከታሰረበት ፈቱት፤ ሰማያዊ ቀለም በማህፀኔ በኩል ሲለቁበት በጫፉ ወጣ። ክፍት ነው።

ክፍት ነው ስትለኝ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው እትዬ ደስታ ሁላችንንም አቋርጠው የጠየቁትን ነው።

«ዶክተር፣ በሰው ፊት ልጠይቅሽ። መርፌው ነው ወይስ አይደለም?»

«የምን መርፌ?»

«የመከላከያው። ስታገባ የተወጋችው።»

ዶክተሯ ፎቶውን ወደሳቸው አዞረችው። «እናቴ፣ መርፌው ካቆሙት በኋላ መጸነስን በወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ዓመት ድረስም ይሄዳል። ቱቦ ግን አይዘጋም፣ ማህፀንም አያደርቅም። ይሄ ከልጅነቷ የመጣ የትርፍ አንጀት ጠባሳ ነው። መርፌ የሚባል ነገር ሳታውቅ በፊት የተጀመረ ነው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ያችን ቁስል የሰፋው ሐኪም አንድ ቃል ቢለኝ ኖሮ?

ስንወጣ ዶክተሯ ማስጠንቀቂያ ጨመረች፦ በተፈታ ቱቦ ውስጥ ጽንሱ እዚያው ሊቀር ስለሚችል የወር አበባ እንደቀረ ቶሎ መታየት አለብኝ፤ ዓመት ሞክረን ካልሆነ ደግሞ እንቁላሉንና ዘሩን በላብራቶሪ ማገናኘት የሚባለው መንገድ አለ። እትዬ ሁሉንም በጣታቸው እየቆጠሩ ያዙ።

ቅዳሜ፦ ስልክ

እትዬ ደስታ አብሽ ሳይሆን አጥሚት አጠጡኝና ስልካቸውን አወጡ። ለአማቴ ነው የሚደውሉት። «እትዬ፣ ቢተዉትስ?» አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እህቴ፣ ሐኪሟን እኔ ራሴ ጠይቄያታለሁ። መርፌው አይደለም። ቱቦዋን የዘጋው ትርፍ አንጀቷ ነው፤ አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ ተከፍቷል።»

ወደ ስልኩ ይበልጥ ጠጋ አሉ።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፎቶ አሳይታኛለች። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። ስድስት ዓመት በሐሰት ነው የወቀስናት።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን አማቴ ይዝጉት አላወቅንም። እትዬ መልሰው ደወሉ፤ ደንበኛው ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው አለን። ይሄ አገር ሰው የሚፈልገውን መልስ ሊሰማ ሲል ኔትወርክ መቁረጥ ይወዳል ብዬ ተበሳጨሁ፤ ውስጤ ግን ዘግተውት ነው ይል ነበር።

ማክሰኞ፦ መመለስ

እትዬ ደስታ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ለመንገድ ብለው የቋጠሩልኝ ምግብ ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ይበቃል፤ ይህን ጊዜ ግን በርበሬ ነበረው። ቡታጅራ ላይ ክትፎ አዘዝኩ። ሐኪሟ ቀስ ብለሽ ብዪ ያለችኝን ረስቼ ጨረስኩት፤ እስከ ሶዶ ድረስ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። አርባ ምንጭ ስደርስ ሙቀቱ አቀፈኝ። ታምራት ባጃጅ ይዞ ቆሟል፤ አማቴ አልመጡም። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥተው ዓሣ አመጡልኝ፣ ልብስ አጠቡልኝ፣ ስለ ምንም ነገር ሳያወሩ ሄዱ። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ግን በየቀኑ እንደምጠብቅ እግዜር ያውቃል።

እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ፣ የሴቶች ኅብረቱ በሩ ላይ እንደልማዱ ተሰብስቦ ቆሟል። አማቴ ከፊት ናቸው፤ እኔ ከኋላቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ የመርፌውን ወሬ ከአማቴ አፍ ተቀብላ ለሰፈር ያዳረሰችው፣ እጄን ይዛ «ምህረትዬ፣ ለጨጓራሽ መፍትሔ ተገኘ?» አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ ዞሩ።

«ጨጓራ አይደለም» አሉ፣ ዘማሪዎቹ እንኳ እንዲሰሙ ተደርጎ። «የማህፀን ቱቦ ነው። ልጅ ሆና ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ በጠባሳ ተዘግቶባት ነበር። አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ ተከፍቷል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ፓስተሩ ቆሟል፣ ተማሪዎቼ ቆመዋል። ስለ ቱቦዬ ያልሰማ አንድ ሰው አልቀረም።

«መርፌው ነው ብለሽን አልነበር እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአንድም አማት አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ብዬ ነበር። ዋሽቼባታለሁ። ላንቺ የነገርኩሽን ላንቺው መለስኩት፤ አንቺም ለነገርሻቸው መልሺ።»

ሴትየዋ፣ ነገሩን ለማለዘብ መሰለኝ፣ «ታዲያ ጨጓራዋስ?» አለች።

«ጨጓራዋ ደህና ነው!» አሉ አማቴ፣ ክንዴን ይዘው።